ምሳር ያነሰው ግንድ

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የሚነገረው ከሹመቱ ለወረደ ወይም ከሀብቱ ለጎደለ ሰው ቢሆንም የተቀዳው ግን ከእውነተኛ ግንድ ነው። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ የተጋደመ ዛፍ ብዙ አይሰነብትም። ጠዋት ቢወድቅ እስከ ማታ ቅርንጫፉ ለምድጃ፣ ግንዱ ለጣውላ ይታጫል። ጭቅጭቁም «ማን ያንሳው?» ሳይሆን «ማን ይውሰደው?» የሚል ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ ይህ ተረት ስለማይሠራበት ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተከለሉ፣ መኪና የማይገባባቸው ሰፋፊ ዱሮች አሉ። «ዊልደርነስ» ይሏቸዋል። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቃል የተጠራው በኛው «ምድረ በዳ» ነው፤ እነዚህ ግን ጫካም፣ ሐይቅም፣ በረዷማ ተራራም ያለባቸው ናቸውና «ጥብቅ ዱር» ብላቸው ይቀለኛል። በነዚህ ዱሮች ውስጥ ለእግረኛና ለፈረሰኛ የሚሆኑ ቀጫጭን መንገዶች ያልፋሉ። በየመንገዱም በየዓመቱ ዛፍ ይወድቃል። አንዱን ነፋስ ይነቅለዋል፣ ሌላውን በረዶ ይሰብረዋል፣ ጥንዚዛ ያደረቀውም ቀን ጠብቆ ይገነደሳል። ለማገዶ የሚሻማበት ሰው የለም። መንገዱን የሚከፍቱት ሠራተኞች ደግሞ፣ የሞተር መጋዝ በየሱቁ በሚሸጥበት በዚያ አገር፣ ሁለት ሰዎች ከወዲህና ከወዲያ ይዘው የሚስቡትን የአያቶቻቸውን መጋዝ ተሸክመው ነው የሚሄዱት። ድህነት ነው እንዳትሉ አሜሪካ ነው። ታዲያ ምንድን ነው? ሕግ ነው።

ነገሩ ሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1924 አልዶ ሊዮፖልድ የተባለ የደን ባለሙያ አሳስቦ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ጊላ የሚባለው ዱር መንገድ እንዳይጠረግበት ተከለለ። በዚያን ዘመን ዱር ወዳዶቹን እንቅልፍ የነሳቸው ከምሳር ይልቅ መኪና ነበር። መኪና ያለው ሁሉ ጫካ ልግባ ይላል፤ እሱን ለማስገባት መንገድ ይጠረጋል፤ መንገዱ ሲደርስ ዱሩ ዱር መሆኑ ይቀራል። በ1935 ሊዮፖልድና ጓደኞቹ ማኅበር መሠረቱ። ኋላም የዚሁ ማኅበር መሪ የሆነው ሃዋርድ ዛኒሰር፣ ዱሮቹ በባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በሕግ እንዲጠበቁ ረቂቅ ጻፈ። ረቂቁ በ1956 ምክር ቤት ቀረበ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ተጎተተ፤ 66 ጊዜ ያህል ተቀድዶ ተሰፍቷል ይባላል። ዛኒሰር በግንቦት 1964 ሞተ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት ከአራት ወር በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን 1964 ነው።

ሰውየው ከሕግ አርቃቂነቱ በፊት ጸሐፊና የመጽሔት አዘጋጅ ነበርና አንዲት ቃል ላይ ድርቅ አለ። ዱሩን «አንትራምልድ» ሲል ጠራው። ብዙ ሰው ቃሉን «ያልተረገጠ» ለማለት ይመስለዋል። አይደለም። ትራምል ማለት የዓሣ መረብ ነው፤ እንዳይሮጥ የሚታሰር የፈረስ እግር ማሰሪያም ነው። ስለዚህ በኛ ቋንቋ «እግሩ ያልታሰረ» ወይም «ልጓም ያልገባለት» ብንል ይቀርበዋል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያልተረገጠ ቢል ኖሮ ማንም እግሩን እንዳያነሳበት መከልከል ነበረበት። እሱ ግን ሰው ይግባ፣ እንደ እንግዳ ይግባ፣ ልጓሙን ግን ይዞ አይምጣ ነው ያለው። ሰው እንዲገባ ከተፈለገ ደግሞ መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገድ ካለ የወደቀ ግንድ ማንሳት ይመጣል።

በምን ይነሳ? ሕጉ አንቀጽ 4 ላይ መልሷል። በጥብቅ ዱር ውስጥ የሞተር ተሽከርካሪ፣ የሞተር መሣሪያ፣ ማንኛውም መካኒካል ማጓጓዣ ክልክል ነው። ብስክሌት እንኳ አይገባም። አንዲት በር ብቻ ተትታለች፤ ቦታውን ለማስተዳደር የግድ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ነገር ከሆነ ይፈቀዳል። የኋላው ጭቅጭቅ ሁሉ የገባው በዚች በር ነው።

የሚገርመው ጊዜው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሞተር መጋዝ አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው ያህል ቀልሎ፣ የሁለት ሰው መጋዝ ግድግዳ ላይ ወደመሰቀል ደርሶ ነበር። ሕጉ ከግድግዳው አወረደው። ማውረዱስ ይሁን፣ ማን ይሳለው? ሙያው ከሽማግሌዎቹ ጋር እየሄደ ነበር። በአይዳሆ ሴልዌይ ቢተርሩት በሚባለው ዱር የሠራው ዋረን ሚለር የአሳሳሉን ጥበብ ጽፎ፣ የአገሪቱ የደን አገልግሎት በ1977 መመሪያ አድርጎ አሳተመለት። መጋዙ ሁለት ዓይነት ጥርስ አለው። አንደኛው የእንጨቱን ጭረት ግራና ቀኝ ይበጣል፤ ሁለተኛው የተበጣውን ጠርቦ ያወጣል። ሁለቱ ቁመታቸው በትክክል ካልተመጣጠነ መጋዙ ይንገታገታል። ሞረድ የሚያውቅ እጅ የሳለው ከሆነ ግን ከግንዱ የሚወጣው እንደ ዱቄት ያለ ሰጋቱራ ሳይሆን ረጅም የእንጨት ጥብጣብ ነው። ጥሩ የሚባሉትም አሮጌዎቹ ናቸው፤ ከጀርባቸው ሳስተው የተሠሩ ስለሆነ ግንዱ ቶሎ አይነክሳቸውም።

አሳሳቡም ትምህርት ነው። መጋዙ አይገፋም። እያንዳንዱ ወደ ራሱ ይስባል፤ ስቦ ሲጨርስ ለጓደኛው ይለቅለታል። ቸኩሎ የገፋ ሰው ብረቱን ያጣምመዋል። ከመሳብ በፊት ደግሞ ግንዱን ማንበብ አለ፤ ክብደቱ የቱ ጋ ነው? ሲቆረጥ ወዴት ይንከባለላል? መሐሉ አየር ላይ ከሆነ ከላይ ሲቆረጥ ይጨመቅና መጋዙን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ሽብልቅ ይመታበታል። ቁልቁለት ከሆነ በታች በኩል መቆም ሞትን መጥራት ነው።

ይህ ሁሉ ደስ የሚለው ግንዱ አሥርና ሃያ ሲሆን ነው። በሺህ ሲሆንስ? በኮሎራዶ ግዛት ደቡብ፣ ዌሚኑች በሚባለው ጥብቅ ዱርና በጎረቤቱ፣ ጥንዚዛ ስፕሩስ የሚባሉትን ዛፎች በብዛት አደረቃቸው። የደረቁት በየዓመቱ መንገዱ ላይ ይረግፉ ጀመር። በ2019 የደን አገልግሎቱ «እጅ አልቻለውም» ብሎ ለአንድ ሰሞን የሞተር መጋዝ ፈቀደ። የዱር ተቆርቋሪ ማኅበራት ከሰሱ። መሥሪያ ቤቱም ፈቃዱን መልሶ አነሳ።

ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው። ፈቃጆቹ እንዲህ ይላሉ፦ መንገድ ካልተከፈተ እግረኛው ግንዱን ዞሮ ሌላ ዱካ ያወጣል፤ ሣሩ ይረገጣል፣ አፈሩ ይታጠባል፤ ፈረስ ጭራሽ አያልፍም። ሠራተኛውም በደረቁ ዛፎች ሥር ብዙ በቆየ ቁጥር አደጋው ይበዛል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፦ ሥራ በከበደ ቁጥር በሩ ከተከፈተ ሕጉ ሥራ ሲቀል ብቻ የሚከበር ሕግ ይሆናል።

እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሞተር የከለከለ ሕግ እጅ ቃል ገብቷል። ቃሉ ተጠብቋል ወይ? የአሜሪካ መንግሥት የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ የደን አገልግሎቱ ከሚያስተዳድረው 254 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ (ከጥብቅ ዱሮቹ ውጭ ያለውን ጨምሮ) ደረጃውን የሚያሟላው ሩቡ ብቻ ነው፤ ሳይጠገን የተከማቸው 314 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል ብሏል። ጥብቅ ዱሩ ግን አድጓል። በ1964 በ54 ቦታ 3.7 ሚሊዮን ሄክታር ነበር፤ ዛሬ ከ800 በላይ ቦታ፣ 45 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው። በ2025 የካቲት ደግሞ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ የመሥሪያ ቤቱ የሙከራ ጊዜ ሠራተኞች በአንድ ሰሞን ተሰናበቱ፤ ከሳምንታት በኋላ እንዲመለሱ ታዘዘ እንጂ። ክፍተቱን ብዙውን ጊዜ የሚሞሉት በነጻ የሚሠሩ ጡረተኞች፣ ተማሪዎችና በ1973 ሞንታና ውስጥ እንደተጀመረው የፈረሰኞች ማኅበር ያሉ ናቸው።

ዱሩን የከለሉት እንደራሴዎች በየምርጫው «ይህን ያህል ሄክታር ጠበቅን» ሲሉ ይጨበጨብላቸዋል። ለመጋዝ ሳቢው ደመወዝ ሲጠየቅ ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። ይህ ዓይነቱ ነገር ደግሞ ድንበር አያግደውም፤ አዋጁ በአንድ ጀምበር ይወጣል፣ አዋጁን የሚያስፈጽም ሰው ይጠፋል፣ ከዚያ «ሕጉ አልሠራም» ይባላል።

ሕጉማ ሠርቷል። የሁለት ሰው መጋዝ ይዞ አንዱን ጫፍ ስልሳ ዓመት ሲስብ ኖሯል። ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ነው የጠፋው። ያኔ ነው እንግዲህ የወደቀ ግንድ ምሳር የሚያንሰው።