ሸጦ መውጣት ወይስ ገብቶ መሟገት?

የሌሎችን ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ዛሬ የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር ጉዳዮችን እናያለን ይላሉ። አጠራሩ በ2004 የተባበሩት መንግሥታት ባስተባበረው ሪፖርት ላይ የወጣ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ጥያቄው ግን የቆየ ነው፤ ኩባንያው ካጠፋ አክሲዮኑን ሸጠን እንውጣ ወይስ እዚያው ሆነን እንሟገት? እስቲ ሁለቱንም የሞከሩ አንድ ፓስተር እናስተዋውቃችሁ።

ሊዮን ሱሊቫን የፊላደልፊያ ባፕቲስት ፓስተር ነበሩ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ የመጀመሪያው ጥቁር የቦርድ አባል አደረጋቸው። በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ባለአክሲዮን የነበረችው ኤጲስቆጳሳዊት ቤተ ክርስቲያን ኩባንያው ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበች። ከቦርዱ የደገፏት ሱሊቫን ብቻ ነበሩ። ሐሳቡም ወደቀ።

ፓስተሩ መንገድ ቀየሩ። በ1977 ስድስት መርሆዎችን አወጡ፦ በመመገቢያና በሥራ ቦታ ነጭና ጥቁር አይለይ፣ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፈል፣ ጥቁሮች ሠልጥነው ለኃላፊነት ይብቁ፣ ወዘተ። መጀመሪያ የፈረሙት 12 ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ለፈንድ አስተዳዳሪዎች ደግሞ ጥሩ መልስ ተገኘ፦ «ኩባንያው ፈርሟል፣ ለምን እንሸጣለን?» እኩል የተከፈለው ሠራተኛ ግን ማታ የሚመለሰው ለጥቁር ወደተከለለው ሰፈር ነበር። የመምረጥ መብትም አልነበረውም።

በ1985 ሱሊቫን ቀን ቆረጡ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አፓርታይድ ካልፈረሰ ኩባንያዎቹ ይውጡ አሉ። በዚያው ዓመት ቼዝ ማንሃታን ባንክ ብድር ማደስ አቆመ። ራንድ ወደቀ፣ ደቡብ አፍሪካም ገበያዎቿን ለቀናት ዘጋች። በ1986 ካሊፎርኒያ የጡረታ ፈንዶቿ እዚያ ከሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲወጡ በሕግ ደነገገች። ቀኑ ሲደርስ፣ በሰኔ 1987፣ ሱሊቫን የገዛ መርሆዎቻቸው እንዳልበቁ ተናግረው «ውጡ» አሉ። ማንዴላ በ1990 ተፈቱ።

አፓርታይድን የጣለው አክሲዮን መሸጥ ነው እያልን አይደለም። ዋናው የደቡብ አፍሪካውያኑ የራሳቸው ትግል ነው። የተሸጠ አክሲዮን ሌላ ገዢ አያጣም፤ ይበልጥ የቆነጠጠው የአበዳሪዎቹ እጅ መሰብሰብ ነበር። መውጣትም የራሱ ማታለያ አለው። ጄኔራል ሞተርስ «ወጣሁ» ሲል ፋብሪካውን ለአገር ውስጥ ሥራ አስኪያጆች ሸጠ። ስሙ ዴልታ ሆነ፣ መኪና መገጣጠሙ ግን ቀጠለ።

በ2006 ኮፊ አናን በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የኃላፊነት ኢንቨስትመንት መርሆዎችን ይፋ ሲያደርጉ ፈራሚዎች ተሰለፉ። መፈረም ቀላል ነው። የሱሊቫን ትምህርት የምንለው ፊርማውን ሳይሆን ቀነ ገደቡን ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ሙግት ላለመሸጥ የሚቀርብ ሰበብ ይሆናል።

አገራችንም በ2025 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያዋን ከፍታለች። እንግዲህ ነገ አክሲዮን ይዘን ጠቅላላ ጉባኤ የምንቀመጥ እኛ «እናሻሽላለን» ሲሉን ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ቃል እንጠይቅ፦ መቼ?