ማዕድን ሊማር የሄደው ሠዓሊ

ሥዕል አስተምራለሁ። ለትምህርት ባሕር ማዶ የሚሄድ ተማሪ ሲሰናበተኝ የሠዓሊውን የአፈወርቅ ተክሌን ነገር ሳላነሳለት አልለቀውም። አፈወርቅ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ልቡ ሥዕል ላይ ነበርና ለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም እዚያው ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለእኔ ግን ዋናው ሁለተኛው ጉዞው ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሥዕሎቹን ካሳየ በኋላ እንደገና አውሮፓ ሄዶ የባለቀለም መስታወት ሥራ ተማረ። ጎን ለጎንም በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የእኛኑ የብራና ሥዕሎች አጠና። የአባቶቹን እጅ ሥራ ለመመርመር ባሕር መሻገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፍሬው አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን መስታወት። ችቦ ይዘው የሚራመዱትን ሰዎች ጠጋ ብዬ ሳያቸው፣ ትልልቅ ዓይኖቻቸውና ደማቅ የፊታቸው መስመር ከብራናው የመጡ ይመስሉኛል። ስሌድ ብቻ ይህን አያስተምርም።

የውጭ ትምህርት ዕድል ያገኘህ ልጄ፣ ሻንጣህን ከማዘጋጀትህ በፊት ሄደህ ያን መስታወት እየው፤ የአገርህንም ብራና አጥና።