አህያ የሸጠው ሱቅ

ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬ የአሮጌ ኮትና የአሮጌ ሳህን ነው። ጦር የሌለበት ወሬ አይጥመኝም የሚል ካለ እሱም ይቆይ፣ ጦርም አለበት።

ዘመኑ 1942 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ። ግሪክን ጀርመንና አጋሮቿ ይዘዋታል። እንግሊዞች ደግሞ ጠላት ስንቅ እንዳያገኝ ብለው ባሕሩን ዘግተዋል። ጠላት የአገሬውን ጎተራ ገልብጦ ይበላል፤ የሚያልቀው የአቴና ድሃ ነው። ይህን የሰሙ ጥቂት ሰዎች ኦክስፎርድ ከተማ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው የረሃብ መርጃ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ ቄስ አለ፣ ጊልበርት መሪ የሚባል የጥንታዊት ግሪክ ሊቅ አለ፣ ሴሲል ጃክሰን ኮል የሚባል ነጋዴ አለ። ኮሚቴው ኋላ ስሙ አጥሮ ኦክስፋም ተባለ።

ነጋዴውን ልብ በሉልኝ። ቄሱና ሊቁ ባይኖሩ ኮሚቴው ባልተወለደ፤ ነጋዴው ባይኖር ደግሞ ሱቁ ባልተከፈተ።

ጦርነቱ አለቀና ኮሚቴው ለአውሮፓ ስደተኞች ልብስና ብርድ ልብስ አምጡ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሕዝቡም አመጣ። ያን ጊዜ እንግሊዝ ራሷ ልብስ የምትገዛው በኩፖን ነው፤ የልብስ ራሽን የተነሣው በ1949 ነበር። ከጎደለው ላይ ቆርሶ ሰጠ ማለት ነው። ግን ስጡ ሲባል ሰው የተጠየቀውን ብቻ አይሰጥም። አንዷ የአያቷን የአንገት ጌጥ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላው የሸክላ ስኒ። ለተራበ ሰው የሸክላ ስኒ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ይሸጥ ተባለ። በ1947 ማብቂያ ላይ ብሮድ ስትሪት ቁጥር 17፣ ከባሊዮል ኮሌጅ ፊት ለፊት፣ ሱቅ ያዙ። ተማሪው፣ መምህሩና የመጽሐፍ ገዢው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው። የነጋዴው እጅ ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ጥግ ይበቃዋል አላለም።

በ1949 ጆ ሚቲ የሚባል ሰው መጣ፤ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ኦክስፋም ደሞዝ ከፍሎ የቀጠረው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የጆ ሕግ አንዲት ናት፦ የተሰጠ ነገር ሁሉ ገዢ አለው። ውሃ ላይ ተንሳፍፈው የሚኖሩበት የጀልባ ቤት ሰጡት፣ ሸጠ። አህያ ሰጡት። አዎ፣ አህያ! በአራት እግሩ የቆመ፣ የሚያናፋ አህያ። እሱንም ሸጠው።

አሁን ሳቁና እናንተ፣ ጆ ግን አልቀለደም። አዲስ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ገብታችሁ ሸሚዙ ካልበቃችሁ ልጁ ሌላ ቁጥር ያወርድላችኋል። አሮጌ ዕቃ ቤት ሌላ ቁጥር የለም፤ ሸሚዙ መንታ የለውም። የሻጩ ሥራ እንግዲህ የጋብቻ ሽማግሌ ሥራ ነው፤ ለዚያች አንዲት ሸሚዝ ያን አንድ ሰው መፈለግ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ የኛ ሰዎች። ብሮድ ስትሪት ላይ ግን ሲያደምቅ ኖረ፤ አስተዋዋቂ አግኝቷላ!

ሱቁን ከፊት ለፊት ካያችሁት ግማሹን አላያችሁም። ዋናው ሥራ ጓዳ ነው። ዛሬም በእንግሊዝ አገር እንዲህ ዓይነት ሱቅ ጓዳ ብትገቡ የምታዩት ይህንኑ ነው። ጠዋት ከረጢቱ በር ላይ ተከምሯል። አንዲት እናት ጓንት አጥልቀው ይፈቱታል። ኮቱን ያወጣሉ፣ መጀመሪያ ኪሱን ይፈትሻሉ፤ መሐረብ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ አንዳንዴ ቀለበት። ቀጥለው ብብቱን ወደ ብርሃን ያዞራሉ፣ ዚፑን ሁለቴ ይስባሉ፣ ኮሌታውን ያሸታሉ። ያለፈው በእንፋሎት ካውያ ይተኮሳል፣ መስቀያ ላይ ይወጣል፣ የዋጋ ወረቀቱ ጥግ ላይ የሳምንቱ ቁጥር ትጻፋለች። ይቺን ቁጥር አትናቋት። ኮቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ተሰቅሎ ማንም ካልነካው ቁጥሯ ታጋልጠዋለች፤ ወይ ዋጋው ይወርዳል፣ ወይ ለሌላ ቅርንጫፍ ይላካል፣ ወይ እንደ ጨርቅ በኪሎ ይሸጣል። ቁጥር የማይጽፍ ሱቅ ግን አንዱን ቡናማ ሹራብ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ያስጎበኛል። ደንበኛው ደግሞ ያን ሹራብ ሦስት ጊዜ ካየው አራተኛ አይመጣም፤ እዚያ ቤት አዲስ ነገር የለም ይላል። የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የሚኖረው በአዲስ ነገር ነው!

ስለ ሱቁ የፊት መስታወት ደግሞ ላውጋችሁ። ሜሪ ፖርታስ የምትባል ሴት አለች፤ ስሟ የገነነው ሎንዶን ውስጥ የአንድ ትልቅ መደብር መስታወት በማሳመር ነው። በ2009 ቢቢሲ ካሜራ አስከትሎ ኦርፒንግተን ወደሚገኝ፣ ሴቭ ዘ ችልድረን የሚባል የሌላ እርዳታ ድርጅት ሱቅ ወሰዳት። የሷ ትምህርት ባጭሩ፦ መስታወቱ ውስጥ ሁሉንም አትደርድሩ። አንድ ሐሳብ ምረጡ፣ አንድ ቀለም ምረጡ። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሰማያዊ ማሰሮ፣ ጀርባው ሰማያዊ የሆነ መጽሐፍ አንድ ላይ ቢቆሙ ሰው ይቆማል። ያው ዕቃ ከአሻንጉሊትና ከአሮጌ ካሴት ጋር ቢደባለቅ ግን ሰው ዓይኑን ሳይጥልበት ያልፋል። ልብሱም ውስጥ በቀለም ይሰቀል ነው የሚሉት፤ ቁጥሩ ለየቅል በሆነበት ቤት ዓይን የሚይዘው ቀለም ነው።

እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እከራከራለሁ። መስታወቱ ሲያምር ዋጋውም አብሮ ያምርበታል፤ ልጇን ለትምህርት ቤት ልታለብስ የመጣች እናት ደጃፉ ላይ ታመነታለች። የገቢው ዓላማ ለተራበ ሰው ነው ቢባልም፣ በሩ ላይ ያለችው ድሃ ደግሞ የማን ናት? መልካም ሱቅ ፊቱን አሳምሮ ከውስጥ አንድ መደርደሪያ በርካሽ ይተዋል።

ገበያ መጥራቱ ላይ ከሁሉ የወደድኩት ዘዴ ገዢን ሳይሆን ሰጪን መያዝ ነው። ዕቃ የሚሰጠው ሰው ግብር ከፋይ ከሆነ ወረቀት ይፈርምና ዕቃው ላይ መለያ ይለጠፋል። ሲሸጥ መንግሥት በየፓውንዱ 25 ፔንስ ይጨምራል፣ ሱቁም «ዕቃህ ይህን ያህል አወጣ» ብሎ ለሰውየው ይጽፋል። ያ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቁም ሣጥኑን እንደገና ባይከፍት ምን አለ በሉኝ። ሌላው ነጥሎ መሸጥ ነው። ኦክስፋም በ1987 እዚያው ኦክስፎርድ መጽሐፍ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ፤ መጽሐፍ አዋቂው ከሹራብ ክምር ሥር መቆፈሩ ቀረለት። በ2019 ደግሞ የፈረንጆቹን መስከረም ሙሉ አዲስ ልብስ አትግዙ የሚል ዘመቻ ጀመረ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሠራተኛው ነው። ደሞዝ የሚበላው አንድ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ምናልባት አንድ ረዳት፤ ሌላው በጎ ፈቃደኛ ነው። ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፣ እንግሊዝኛ ሊለማመድ የመጣ ስደተኛ አለ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት የፈለገ ተማሪ አለ። ደሞዝ የማይከፈለውን ሰው በምን ትቆጣዋለህ? ባንኮኒው ሥር ጥሩዋን ቦርሳ ለእህታቸው የደበቁትን እናት ምን ትላቸዋለህ? ብልህ ሥራ አስኪያጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ሕጉን ይናገራል፦ የሚገዛው ሰው ዋጋ አይተምንም፣ ዕቃም ሰው ሁሉ ሳያየው አይሸሸግም። ከዚያ ሰውን በየሙያው ይመድባል። መምህርቷ ለመጽሐፉ ዋጋ ይተምናሉ፤ ወሬ የሚወደው ባንኮኒ ይቁም፤ ዝምታ የሚሻለው ጓዳ ካውያውን ይያዝ። ሻይ ደግሞ አይጠፋም። ሻይ የጠፋበት ቤት በጎ ፈቃደኛ አይቆይም።

በዚያ ሁሉ ሻይና ካውያ የተገኘው ገንዘብ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በ1977ቱ ድርቅ (ይህንን በኛ ቁጠሩት) ኦክስፋም አገራችን ውስጥ እርዳታ ሲያቀርብ ነበር። ዕቃውም በሌላ በር ይመጣል። በእንግሊዝ ሱቆች ሳይሸጥ በኪሎ ከወጣው ጨርቅ ከፊሉ ተለይቶና ታስሮ ወደ አፍሪካ ይጫናል። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት እኛ አገር ክልክል ነው፤ ሰልባጁ ግን በድንበር ሾልኮ ገበያ ይደርሳል። እስሩ ሲፈታ ነጋዴው የሚያደርገውን አይታችኋል፦ ያራግፋል፣ ብብቱን ያያል፣ ጥሩውን ለብቻ ይሰቅላል፣ የቀረውን ሸራ ላይ ዘርግቶ «ምረጥ! ምረጥ!» ይላል። የተሰቀለውና የተዘረገፈው ዋጋ ለየብቻ ነው። «ኧረ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሸሚዝ ናቸው» ብላችሁ ብትከራከሩት፣ መስቀያውን ያሳያችኋል።