የማን ደም ነው መለኪያው? የሲዲ4 ቆጠራ ታሪክ በኢትዮጵያ



እዚህ ጅማ፣ መርካቶ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ እናቶችን ያላየ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ በዓይናቸው ይለያሉ። ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ግን በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ሁሉም ይመሳሰላሉ። አንዱ የመከላከል ሥራውን የሚያስተባብር፣ ሌላው በቫይረስ የተያዘ ሕዋስን የሚገድል መሆኑን መልካቸው አይናገርም። የሚለያቸው በገጻቸው ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘው ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ካምብሪጅ ላይ በ1975 (የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአይጥን ቢ ሊምፎሳይት ከካንሰር ሕዋስ ጋር በማዋሐድ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመርት ሕዋስ አስገኙ። የፈጠራ መብቱ ሳይመዘገብ ቀረ፤ ስልቱም በየቤተ ሙከራው ተሰራጨ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ለየራሱ ፀረ እንግዳ አካል ስም ሲያወጣ ግራ መጋባት ሆነ። በ1982 ፓሪስ ላይ የተጀመረው ጉባኤ ሲዲ የሚለውን የጋራ መጠሪያ አወጣ። ዛሬ ሲዲ4 የምንለው የዚያ ስምምነት ልጅ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ላይ የሚያበራ ቀለም ይጣበቃል፤ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ በሌዘር ጨረር ፊት ሲያልፉ መሣሪያው ያበሩትን ይቆጥራል።

ኤድስ ሲመጣ ይህ ቁጥር የሰው ዕድሜ መለኪያ ሆነ። የእኔም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ2003 በአንድ ቤተ ሙከራ ሥልጠና ላይ ሳለን መሣሪያውን ለመፈተሽ የራሳችንን ደም እንሰጥ ነበር። ከአጋሮ በኩል የመጣ አንድ ጓደኛችን 430 አገኘ። በእጄ የነበረው የውጭ መጽሐፍ መደበኛው ከ500 እስከ 1500 ነው ይላል። «ወንድሜ፣ ቁጥርህ ከመደበኛ በታች ነው» ያልሁት እኔ ነኝ። ኤችአይቪ ተመረመረ፤ ነፃ ነው ተባለ። አላመነም፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ተመረመረ፤ አሁንም ነፃ። በዚያ መሐል ግን ወሬው ከእጮኛው ቤተሰብ ደርሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀነ ቀጠሮውን አፈረሱት።

የሚያሳዝነው መልሱ ከአራት ዓመት በፊት ታትሞ መኖሩ ነው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አዲስ አበባ ላይ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ አስቴር ፀጋዬና ባልደረቦቿ በ1999 ከኤችአይቪ ነፃ የሆኑ 485 ጤናማ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎችን መርምረው ነበር። የሲዲ4 አማካያቸው 775 ሆነ፤ ከኔዘርላንዳውያን በግልጽ ያነሰ። ሲዲ8 ደግሞ ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቿ ተጨማሪ ፀረ እንግዳ አካላትን ተጠቅመው ገና ከጠላት ጋር ያልተገናኙት ሕዋሳት በእኛ ሰዎች ደም ጥቂት፣ የነቁት ደግሞ ብዙ መሆናቸውን አሳዩ። እኔ ከዚህ ሥራ የምወድደው ይህንን ክፍል ነው፤ «ለምን አነሰ?» ብሎ ወደ ሕዋሱ ዓይነት መውረዱን። ወደ እስራኤል አዲስ የገቡ ኢትዮጵያውያንን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ1998 ይህንኑ ሁኔታ ከሥር የሰደደ የአንጀት ትል ጋር አያያዙት።

አነስተኛ ቁጥር ደካማነት ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገውና በ2005 የታተመው ጥናት፣ ከመያዛቸው በፊት ሲዲ4 አነስተኛ መሆኑ የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላፋጠነ አሳይቷል።

እነዚህን ጽሑፎች ያነበብኋቸው ለዶክትሬት ጥናቴ ስዘጋጅ ነው። ለጓደኛዬ አንዱን ቅጂ ላክሁለት። ደውሎ «ይህን ወረቀት ለእነ እማማ ማን ያነብላቸዋል?» አለኝ። ልጅቱ ያን ጊዜ ሌላ አግብታ ነበር።