ኃላፊዎቹ ያልወደዱት የገና ፊልም

በአሜሪካ የገና ሰሞን ሲመጣ ወላጆች፣ እዚያ ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሾችም ጭምር፣ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ለትንንሽ ልጆች የትኛው የበዓል ካርቱን ይከፈት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ለልጅ የሚሆነውን እናውቃለን የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ምን ያህል ሊሳሳቱ እንደሚችሉ አንድ የ25 ደቂቃ ፊልም ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ኮካ ኮላ ለገና የሚሆን የቴሌቪዥን ፊልም ስፖንሰር ማድረግ ፈለገ። ፕሮዲዩሰሩ ሊ ሜንደልሰን በጋዜጣ ካርቱኖቹ ከታወቀው ቻርለስ ሹልዝ ጋር ሆኖ የታሪኩን ንድፍ በአንድ ቀን አወጣ። አኒሜሽኑን ቢል ሜሌንዴዝ ያዘው። ለሥራው የነበራቸው ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነበር። «የቻርሊ ብራውን ገና» የተወለደው እንዲህ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በደስታ አይደለም። ሁሉም ሽር ጉድ ሲል ቻርሊ ብራውን የሚባለው ልጅ ይከፋዋል። ውሻው ቤቱን በመብራት አስጊጦ ለሽልማት ይወዳደራል፤ ታናሽ እህቱ ለገና አባት በምታስጽፈው ደብዳቤ ገንዘብ ትጠይቃለች። ለቴአትራቸው ዛፍ እንዲገዛ ሲላክ፣ የሚያብረቀርቁትን የአሉሚኒየም ዛፎች ትቶ አንዲት የቀጨጨች እውነተኛ ዛፍ ይዞ ይመጣል። ይሳቅበታል። የገናን ትርጉም የሚያውቅ ሰው የለም ወይ ብሎ ሲጮህ ጓደኛው ላይነስ መድረኩ ላይ ወጥቶ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን በቃሉ ይናገራል።

አዘጋጆቹ የጊዜውን ልማድ ብዙ ጥሰዋል። ሹልዝ የተቀዳ የሳቅ ድምፅ አይገባም አለ። የልጆቹን ድምፅ የሠሩት በአብዛኛው ልጆች ናቸው፤ ገና ማንበብ ላልቻለችው ሕፃን ንግግሯ በቁርጥራጭ ይነገራት ነበር። ሙዚቃው የቪንስ ጓራልዲ ጃዝ ነው።

የሲቢኤስ ኃላፊዎች ፊልሙን ሲያዩት አልወደዱትም። በጣም ዘገምተኛ ነው፣ ጃዙም ለልጆች አይሄድም አሉ። ይሁንና የሚተላለፍበት ቀን ተቆርጦ ስለነበር መመለሻ አልነበረም። ዲሴምበር 9 ቀን 1965 ሲታይ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈተው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ተመለከተው። ኋላም የኤሚና የፒቦዲ ሽልማቶችን አገኘ።

ኃላፊዎቹ ለምን ተሳሳቱ? ልጅ የሚፈልገው ጫጫታና ሩጫ ብቻ ነው ብለው ስላሰቡ ነው። ልጅ ግን መገለልን ያውቃል። በበዓል ቀን ሆድ ሊብሰው እንደሚችልም ያውቃል። ፊልሙ ይህን ስሜቱን አልደበቀበትም። ያቺን የተናቀች ዛፍ ልጆቹ ተባብረው ሲያስጌጧት ልብ የሚሞቀውም መጀመሪያ ላይ ብርዱ ስለታየ ነው።

ፊልሙ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ገና መነገጃ ሆነ ብሎ የሚያማርር ፊልም የተሠራው በለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ገንዘብ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፤ ሁሉን የሚሰማ የሦስት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ወንጌሉም ለሁሉም ቤት የሚስማማ ላይሆን ይችላል።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ፊልሙን በነጻ ቴሌቪዥን አገር ሁሉ በአንድ ሰዓት ያየው ነበር። በ2020 መብቱ ወደ አፕል ቲቪ ፕላስ ሄደ። ተመልካች ቅር በመሰኘቱ በዚያና በቀጣዩ ዓመት ፒቢኤስ በነጻ አሳየው። አሁን ምርጫው የጣቢያ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤት ነው፤ ስልኩም በራሱ ቀጣዩን እየደረደረ ይመርጣል።

ስለዚህ የሚመርጥ ወላጅ የቀለሙን ድምቀት ሳይሆን ሌላ ነገር ቢመዝን ይሻላል። ፊልሙ ለልጁ ዝምታ ይሰጠዋል? የተከፋን ሰው ያሳየዋል? የተናቀውን ያነሳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ኃላፊዎቹ ያኔ የዳኙት ካለ ልጅ ነበር።