ማሲንቆ፦ የጥንድ አዝማሪዎች ባለ አንድ አውታር መሣሪያ

ከሊማሊሞ አናት ከደባርቅ አንሥቶ በዳባት በኩል እስከ ጎንደር በሚዘልቀው ደጋ፣ በሠርግና በጠጅ ቤት የሚሰማው ማሲንቆ፣ ሰያፍ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥኑ በቆዳ የተለበጠ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለውና ጭራ በተወጠረበት ደጋን የሚገዘገዝ የዜማ መሣሪያ ነው። ጣቶች አውታሩን ከአንገቱ ጋር ሳያጣብቁ ስለሚነኩት፣ ድምፁ የሰውን ጉሮሮ እየተንሸራተተ ለመከተል ይችላል፤ ጭራው እንዲይዝም ዕጣን ይቀባል።

ጥበቡ ምሉዕ የሚሆነው ግን በጥንድ ነው። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት የሆኑ አዝማሪዎች፣ እርሱ እየገዘገዘ እርሷም እያዜመች፣ አንዱን ዜማ አብረው ይዘው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጌጥ ያስውቡታል፤ አድማጭ «ተቀበል» ብሎ የሚሰጣቸውን ግጥምም ወዲያው ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰል ወይም ከአንቺ ሆዬ ቅኝት፣ ማለትም ባለ አምስት ድምፅ የዜማ ሥርዓት፣ ጋር ያዋሕዱታል። ይህ በረቂቅነቱ ከየትኛውም የአውሮፓ የእልፍኝ ሙዚቃ የማያንስ የሁለት ድምፆች ውይይት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን ለልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ከ120 በላይ የሦስትዮሽ ድርሰቶች የጻፈለት ባሪቶን የተባለው ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ከጊዜ በኋላ ሲዘነጋ፣ ማሲንቆ ኖታ ሳይጻፍለት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ዛሬም በአዲስ አበባው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣል።