ኮሲ ባራጅ
ኮሲ ባራጅ በደቡብ ምሥራቅ ኔፓል፣ ከሕንድ ጠረፍ አጠገብ፣ በኮሲ ወንዝ ላይ የተሠራ የውሃ መጥለፊያ ግድብ ነው። ርዝመቱ 1,149 ሜትር ሲሆን 56 መዝጊያዎች አሉት። የኔፓል ዋና የምሥራቅ-ምዕራብ አውራ ጎዳናም በላዩ ያልፋል። ግድቡን ሕንድ በ1954 እ.ኤ.አ. ከኔፓል ጋር በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት ሠራችው፤ መዝጊያዎቹንም የምታስተዳድረው እርሷ ናት። ስምምነቱ በ1966 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል።

አሠራሩ
ባራጅ እንደ ማጠራቀሚያ ግድብ ብዙ ውሃ አያከማችም። መዝጊያዎቹ ሲወርዱ የውሃው ከፍታ ይጨምርና ወንዙ በራሱ ወደ መስኖ ቦዮች ይገባል፤ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ መዝጊያዎቹ ተነሥተው ውሃው ያልፋል። ስለዚህ ኮሲ ባራጅ ትልቅ ጎርፍን ይዞ ማቆየት አይችልም። ወንዙን በመሥመሩ የሚይዙት በግራና በቀኝ የተዘረጉት ዳይክ የሚባሉ ረጃጅም የአፈር ቁልሎች ናቸው።

መስኖ
ከባራጁ ሁለት ዋና ቦዮች ይነሣሉ። የምሥራቁ ቦይ በሕንድ የቢሃርን እርሻ ያጠጣል፤ የምዕራቡ ቦይ በኔፓል በኩል አልፎ ወደ ቢሃር ይገባል። በኔፓል ብዙዎች ስምምነቱ ይበልጥ ሕንድን ይጠቅማል ብለው ይተቹታል።

ጎርፍና ደለል
ኮሲ ከሂማላያ ተራሮች እጅግ ብዙ ደለል ያመጣል። ከዳይኮቹ በፊት ወንዙ በሁለት ምዕተ ዓመታት ገደማ ውስጥ ከ100 ኪ.ሜ. በላይ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ነበር። አሁን ደለሉ በዳይኮቹ መካከል ስለሚቀር የወንዙ አልጋ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል። በዚሁ መካከል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖራሉ።

ነሐሴ 12 ቀን 2000 ዓ.ም. (18 ኦገስት 2008 እ.ኤ.አ.) ከባራጁ በላይ፣ በኔፓል ኩሳሃ በተባለ ቦታ፣ የምሥራቁ ዳይክ ተሰበረ። ወንዙ ወደ ድሮ መሥመሩ ተመልሶ በቢሃር 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ላይ ጉዳት አደረሰ። በዚያ ቀን የፈሰሰው ውሃ ባራጁ እንዲያሳልፍ ከታቀደው፣ በሴኮንድ 27,000 ሜትር ኩብ ገደማ፣ አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም ነበር። በአንጻሩ በሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. በሴኮንድ ከ18,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ሲመጣ 56ቱም መዝጊያዎች ተከፍተው ባራጁ ጎርፉን አሳልፏል፤ በቢሃር ግን አንዳንድ ዳይኮች ተሰብረዋል።

ከባራጁ በላይ፣ በባራሃክሼትራ ሸለቆ፣ ጎርፉን የሚያጠራቅም ከፍተኛ ግድብ ለመሥራት ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥናት ቢደረግም ግድቡ እስካሁን አልተሠራም።